የሚያልፍ ፋይበርና የማይንቀሳቀስ ቤት፦ ከሰባታሚት የተገኘ ማስረጃ

የኢትዮጵያን ነባር ቤቶች ያጠኑ ሰዎች የፋሲልን ግንብ ለክተዋል፣ የጀጎልን በሮች ቆጥረዋል፣ የላሊበላን ድንጋይ አንኳኩተዋል። በባሕር ዛፍ ማገር ቆሞ፣ በጭድና በጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ኢንተርኔት ሲጠይቅ ምን እንደሚገጥመው ግን የጻፈ ያለ አይመስልም። የዕውቀት ክፍተት ማለት ይህ ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመድፈን የቀረበ ነው፤ ቢያንስ በምርጊት ደረጃ።

ለጥናቱ የተመረጠችው ሰባታሚት ናት። በባሕር ዳር ደቡባዊ ጠርዝ ያለች፣ ዳጉሳና በቆሎ ይዘራባት የነበረች፣ ከተማው እየሰፋ መጥቶ ያቀፋት ቦታ። ሌላ አገር የድሮ ቤት የሚባለው ከተማ መሃል ቆሞ ያረጀው ነው። እዚህ ግን ቤቱ ከተማ አልገባም፤ ከተማው ነው ቤቱ ድረስ የመጣው። ባለቤቶቹ ማታ ገበሬ ሆነው ተኝተው ጠዋት ከተሜ ሆነው ነቁ ማለት ማጋነን ነው፤ በመካከሉ ብዙ ስብሰባ ነበር። እንግዲህ ለዚህ ጥናት ነባር ቤት ማለት ከከተማው ፕላን የሚቀድም ቤት ነው። መሃል ከተማ ባሉት አሮጌ ቤቶች ጣራ ሥር ቢያንስ የሞተ የስልክ ሽቦ ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላል፤ ለአርኪዮሎጂ ይጠቅማል። የሰባታሚቱ ቤት እሱም የለውም።

በጥናት ሥነ ምግባር መሠረት የተሳታፊዎች ስም አልተጠቀሰም። ገመድ የሚዘረጋው ወገን «አቅራቢው» ተብሏል። ቤቶቹ መጀመሪያውኑ ቁጥር ስለሌላቸው ማንነታቸውን ለመደበቅ የተለየ ጥረት አላስፈለገም።

ጥናት ያለ ታሪክ አይጸድቅምና ወደኋላ እንመለስ። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 እንደሆነ ይጻፋል። ከሣጥን ውስጥ ድምፅ ሲወጣ የሰሙ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ ይባላል። ኢንተርኔት በጥር 1989 ዓ.ም. ተከተለ፤ በዚህ ጊዜ ካህናቱ ዝም አሉ። ከ100 ዓመት በላይ በሆነው በዚህ ዘመን ውስጥ በጉልህ የተለወጠው የእሮሮው አቅጣጫ ነው። ያኔ ሰው ያማረረው ስለገባ ነበር፤ አሁን የሚያማርረው ስላልገባ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቁቅ አንባቢ ይጠይቃል፤ ስልኩ ላይ ዳታ ያለው ሰው ገመድ ለምን ይፈልጋል? መልሱን የሰጠው የ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለወራት ዘለቀ። በገመድ የሚመጣው ግን ባሕር ዳር ውስጥ በሆቴሉ፣ በባንኩና በቢሮው ነበር። ያን ጊዜ ማኪያቶ የሚታዘዘው ለቡናው አልነበረም። ተመራቂው የማመልከቻ ቀነ ገደብ፣ ነጋዴው የዕቃ ዋጋ፣ እናት የውጭ አገር ልጇን ፊት ለማየት የሆቴል በረንዳ ሞሉ። ፓስወርዱን የሚያውቅ አስተናጋጅ በማኅበራዊ ደረጃው ከቀበሌ ሊቀመንበር ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ «ቤቴ ገመድ ይግባልኝ» የሚለው ጥያቄ ቅንጦት መሆኑ ቀረ።

አሁን ስለ ገመዱ። ፋይበር የሚባለው ከፀጉር ብዙም የማይወፍር መስታወት ነው፤ በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው። ወደ ቤት የሚመጣው በ1490 ናኖሜትር፣ ከቤት የሚሄደው በ1310 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ቀጭን መንገድ ሳይጋጩ ይተላለፋሉ። የባጃጅ ማኅበራት ቢያጠኑት ይጠቅማቸዋል። አንዱ ምንጭ በማከፋፈያ ተሰንጥቆ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይደርሳል፤ እስከ 20 ኪሎ ሜትርም ይዘልቃል። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው የቀድሞው ብሮድባንድ ከ5 ኪሎ ሜትር ወዲያ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ለፋይበር ግን ሰባታሚት ሩቅ አይደለችም። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከመሃል ከተማ እስከ ሰባታሚት አስፋልት ለመምጣት ከሰከንድ አንድ ሺህኛም አይፈጅበትም። ከአስፋልቱ እስከ ጭቃ ቤቱ ያለውን በሚመለከት ፊዚክስ እስካሁን ቀመር አላወጣም።

የጥናቱ ዋና መላምት ከዚህ ይነሣል። መሠረተ ልማት መጀመሪያ ያልፋል፤ መድረስ ሌላ ጉዳይ ነው። ማስረጃው ከኢንተርኔት ይቀድማል። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሽቦው ከፏፏቴው ተነሥቶ በገበሬው ማሳ ላይ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። የማሳው ባለቤት ቀና ብሎ አየው፤ ማታ ኩራዙን ለኮሰ። 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅም ከሥሩ ብዙ ኩራዝ ነበር። ስለዚህ የሰባታሚት ሰው «በደጃችን ያልፋል» ሲል ቅሬታ እያሰማ አይደለም፤ የአካባቢውን የምሕንድስና ታሪክ እያጠቃለለ ነው።

ወደ አቅራቢው መስኮት ስንሄድ የሚሰጡት መልሶች ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል፤ ጥራታቸው ግን ከፍተኛ ነው። «ሲስተም የለም» የሚለውን አንባቢ ከባንክ፣ ከውልና ማስረጃ፣ ከመንጃ ፈቃድ ስለሚያውቀው እናልፈዋለን። ጥልቀት ያለው «ፖርት ሞልቷል» ነው። ፖርትን፣ ማለትም መንገድ ዳር በቆመው ሳጥን ውስጥ ያለውን የገመድ መሰኪያ፣ አመልካች አይቶት አያውቅም። ማን እንደሞላው አይታወቅም፣ መቼ እንደሚጎድል አይነገርም፣ ሞልቶ ሲፈስም አልታየም። ቢሆንም ክርክር አይቻልም፤ ሞልቷል የተባለን ነገር አልሞላም ለማለት ቢያንስ የሳጥኑ ቁልፍ ያስፈልጋል። አንዳንድ አመልካቾች መንገድ ዳር የቆመውን ሳጥን እየዞሩ ሲመለከቱት ታይተዋል። ሳጥኑ ዝም ብሏል።

ፖርት የተገኘለት ሰው ደግሞ «ምሰሶ የለም» ወደሚለው ምዕራፍ ያልፋል። ይህ በሰባታሚት የሚነገር መሆኑ ልብ ይባል፤ ጓሮው ሁሉ ባሕር ዛፍ በሆነበት አገር። ባለቤቱ ሁለት ቀጥ ያሉ ግንዶች ቆርጦ፣ ልጦ፣ መንገድ ዳር ተክሎ ይጠብቃል። አቅራቢው እስኪመጣ ምስጥ ይመጣል። ከምስጡና ከአቅራቢው ቀድሞ የሚደርሰው የትኛው ነው የሚለውን በተመለከተ ጥናቱ ከአንድ ዓይነት ውጤት በቀር አላገኘም።

አድራሻ ግን ራሱን የቻለ ባሕር ነው። ቅጹ የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ ቤቱ የለውም። ካርታ ይጠይቃል፤ ይዞታው የቆየው በአባትና በአያት ስም እንጂ በካርታ አይደለም። ካርታ ከሌለ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይምጣ ይባላል፤ ደብዳቤውን የሚፈርሙት ሰው ስብሰባ ላይ ናቸው። ይህ ሁሉ አልፎ የቴክኒሻኑ ስልክ ሲደወል ሰማይ የተከፈተ ይመስላል። የሚከተለው ንግግር በሰባታሚት በልዩ ልዩ ቅርጽ የሚሰማ ነው።

«እናቴ፣ ቤቱ የት ጋ ነው?»

«ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ጠይቅ ልጄ፤ ማንም ያሳይሃል።»

«ወፍጮ ቤቱስ የት ጋ ነው?»

«እኛ ቤት አጠገብ።»

የአመክንዮ ሊቃውንት ይህን ስሕተት ይሉት ይሆናል። እንደ አጥኚው እምነት ግን ሴትዮዋ ፍጹም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ቦታዎች እርስ በርሳቸው በማያሻማ መንገድ ተወስነዋል። ችግሩ ያለው ከሁለቱ አንዱንም በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ያው ሰው ባጃጅ ቢሳፈር ኖሮ ሹፌሩ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ በር ላይ ያወርደው ነበር። ይህን ዕውቀት በቅጹ ላይ የሚሞላበት ሳጥን ግን የለም።

ቴክኒሻኑ ከደረሰ በኋላ ነገሩ ወደ ሥነ ሕንፃ ይዞራል። መብሻውን አውጥቶ ግድግዳውን ሲጠጋ የቤቱ እመቤት መሃል ይገባሉ። ግድግዳው ለፋሲካ ነው የተመረገው። ጭቃ ደግሞ ሲበሱት እንደ ብሎኬት ቀዳዳ ሆኖ አይቀርም፤ ዙሪያውን ይዞ ይወርዳል፣ ከሥሩ ጭዱና ማገሩ ይታያል። በሚስማር የሚያያዘው የገመዱ ማቀፊያም በጭቃ ላይ አይጸናም። ረጅም ድርድር ይደረጋል፤ ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል። በመጨረሻ ገመዱ በመስኮት ይገባል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስኮቱ አይዘጋም። ወባ ከጣና ዙሪያ ባልጠፋበት አገር ይህ የጤና ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ከጥናቱ ወሰን ውጪ ስለሆነ ለሚመለከታቸው ተላልፏል።

የዋይፋዩ ዕቃ የሚቀመጠው ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነው። በሁለተኛው ቀን ዳንቴል ይለብሳል። አረንጓዴዋ መብራት በዳንቴሉ ቀዳዳ ብልጭ ስትል ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያያታል፤ ስትቀላም ያያታል። ከሳሎን አልፎ ማድ ቤት ሲደረስ ግን ዋይፋዩ ያቆማል። ማድ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን እንደ ዝናብ አንጠባጥቦ ይመልሰዋል። ስለዚህ እንጀራ የሚጋገረው ያለ ኢንተርኔት ነው፤ ግማሹ ዘመድ ግን የሚደውለው በእንጀራ ሰዓት ነው።

እዚህ ጋ አንድ የማይወደድ ግኝት መጥቀስ ግድ ይላል። የድሮው የቤት ስልክ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከማዕከሉ በሚመጣ 48 ቮልት ስለነበር መብራት ሲጠፋም ይሠራ ነበር። ፋይበር ብርሃን ያመጣል እንጂ ኃይል አያመጣም። መብራት ሲሄድ ብርሃኑ በመስታወቱ ውስጥ እስከ ቡፌው ድረስ ይመጣል፤ የሚቀበለው ግን የለም። ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ሰውን የሚያገናኘው ይህ ተአምር በአንድ ፊውዝ ይሸነፋል።

ለማነጻጸር ያህል ዓለምን እንይ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 እያንዳንዱ ነዋሪ የ1 ሜጋቢት ግንኙነት የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው አለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 መጠኑን 10 ሜጋቢት አድርጋ፣ ቤቱን ለማገናኘት የሚወጣው ከ3,400 ፓውንድ ካለፈ ትርፉን ጠያቂው ይሸፍን አለች። ፊንላንድ ውስጥ ቤቱ መብት አለው። ሰባታሚት ውስጥ ቤቱ ጎረቤት አለው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰል፤ ሁለተኛው በተግባር ይበልጥ ፈጣን ነው። መንገድ ዳር ባንክ ቅርንጫፍ ቢከፍት፣ ወይም ባለ ሦስት ፎቅ ፔንሲዮን ቢያልቅ፣ ፋይበሩ ያንኑ ሰሞን ይመጣል፣ ፖርቱም ይጎድላል፣ ምሰሶውም ይተከላል። ከጎኑ ያለው ጭቃ ቤት በዚያ ጥላ ሥር ይገናኛል። አጥኚው ከዚህ በመነሣት ለነባር ቤት ባለቤቶች የሚሰጠው ሙያዊ ምክር ማመልከቻ ከማስገባት ይልቅ በአካባቢው ባንክ እንዲከፈት መጸለይ ነው። ይህ ካልሆነ ጎረቤት አስተባብሮ ስም ማስፈረም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ከፈራሚዎቹ ገሚሱ የሚፈርመው አንዱ ካስገባ ፓስወርዱን አገኛለሁ ብሎ እንደሆነ ጥናቱ ደርሶበታል።

የተገናኘ ቤት ተገናኝቶ አይኖርም፤ ይህንንም መዝግበናል። መንገድ ሲሰፋ ኤክስካቫተር ይቆርጠዋል። መዳብ መስሎት የሚበጥሰው ሌባም አለ፤ መስታወት መሆኑን ሲያውቅ ትቶት ይሄዳል፣ ሠፈሩ ግን ሌባውን አይከተልም፤ 994 ይደውላል።

የጥናቱ ውስንነት መጠቀስ አለበት። ከተመለከትናቸው ቤቶች መካከል አንዱ ፖርት፣ ምሰሶ፣ ደብዳቤና ቴክኒሻን በአንድነት የሚጠብቅ ነበር። ቤቱ አይገኝም ተብሎ የአቅራቢው ሰርቬይ በተደጋጋሚ ተላልፏል። በመካከሉ አንድ ማለዳ ግድግዳው ላይ፣ ለፋሲካ በተመረገው በኩል፣ በቀይ ቀለም ትልቅ የኤክስ ምልክት ተቀብቶ ተገኘ፤ ቤቱ ለመንገድ ይነሣል ማለት ነው። ቀለሙን የቀባው ቢሮ ስልክ አልደወለም፣ ወፍጮ ቤቱ የት ጋ ነው ብሎ አልጠየቀም፣ የቤት ቁጥርም ሆነ ካርታ አላስፈለገውም። ቤቱን እንዴት እንዳገኘው ማጣራት የተለየ በጀት የሚፈልግ ጥናት ነው።