የእንቅልፍ ገበያ

ድሬዳዋ ላይ ታይዋን ለመሄድ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ባጃጅ ይበቃል። ሽቶው፣ ሞባይሉ፣ ልብሱ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ሁሉ ታይዋን በሚባለው ገበያ አለ። በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲነካ ደግሞ ቬንትሌተር ይቸበቸባል። ቬንትሌተርና ስፒከር የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ግን ከተማውን አስተኝቶ እሱ ሲገላበጥ ይነጋበታል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ጉንጩ ውስጥ ነው። ከምሳ በኋላ በርጫ አለ። የጫቱ ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ማታ ምርቃናውን በጨብሲ ይሰብራል፤ መጠጡ ቶሎ ያሸልበውና እኩለ ሌሊት ላይ ያባንነዋል።

አንዲት ነርስ ደንበኛው ኪኒን ከመፈለግህ በፊት ልማድህን አስተካክል አለችው። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2016 ለከረመ እንቅልፍ ማጣት የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ይቅደም ብሏል። ነጋዴው ጫቱን ዘለለና ከቀላሉ ጀመረ፦ በዝግታ አየር መሳብ፣ በዝግታ ማስወጣት።

«አቦ! ከሰል ልታያይዝ ነው እንዴ?» አለች ሚስቱ ከእንቅልፏ ባና።

ቀጥሎ ጽሑፍ ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጥናት 57 ወጣቶችን ሊተኙ ሲሉ ለ5 ደቂቃ አጽፎ ነበር። የወደፊት ሥራቸውን የዘረዘሩት፣ ሠርተው የጨረሱትን ከጻፉት በ9 ደቂቃ ገደማ ቀድመው ተኙ። ነጋዴው ለዚህ የመዘዘው የዱቤ ደብተሩን ነው። ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርስ ደሙ ፈላ፤ ስልኩን አንስቶ ደወለ። ያን ሌሊት ተበዳሪውም አልተኛም።

የቀረው ሙዚቃ ነበር። ሃንጋሪ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ሊተኙ ሲሉ ለ45 ደቂቃ ለስላሳ ክላሲካል ያዳመጡ ተማሪዎች በሦስት ሳምንት ውስጥ እንቅልፋቸው መሻሻሉን አሳይቷል። በእኛም ትውፊት ዳዊት የሳኦልን እንቅልፍ ማጣት የፈወሰው በበገና ነው። ነጋዴው የባለ አሥር አውታር በገና ቅጂ አገኘና ለሙከራ በሱቁ ትልቅ ስፒከር ከፈተው፤ ያውም በበርጫ ሰዓት።

ዝግ ያለው ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው። የጎረቤቱ ልብስ ሻጭ መጀመሪያ አዛጋ፤ ከዚያ ቦንዳው ላይ ጋደም አለ፤ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። በዚህ መሃል አንድ ገዢ መጥቶ የስፒከሩን ዋጋ ጠየቀ።

ነጋዴው በአገጩ ወደ ጎረቤቱ ጠቆመ። «ይኸው፣ በሰው ተሞክሯል!» አለና አንድ ቀንበጥ ቀንጥሶ ጉንጩ ውስጥ ወተፈ።