የመሪ ሳጥን ኮሚቴ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዳምስ ሞርጋን የዋሽንግተን ሐበሻ መናኸሪያ ነበር፤ ምግብ ቤቱም ታክሲውም አሥራ ስምንተኛው ጎዳና ላይ። ኋላ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ተበተንን፤ ለኩባንያ ጋራዥ ያለመክፈል ኩራታችን ግን አብሮን ተጓዘ።

የታክሲ ነጂው የቀድሞ ወዳጅ ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ እስከ 2002 ሞዴል ድረስ የመሪ ሳጥን ነበረው። እሱን ለመቀየር ክሪክ፣ መፍቻ፣ የፒትማን ክንድ መንቀያ፣ በእኛ ደንብ ደግሞ ቢያንስ አራት የቆመ አማካሪ ያስፈልጋል። መዶሻ እያለ መንቀያ ማን ይገዛል! ሁሉም ነገር ከተፈታ በኋላ አንዱ አማካሪ ማኪያቶውን እየማገ፣ «ጋሼ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው አስረውት ነበር?» ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ትንሽ ዘገየ እንጂ። ሳይታሰር ተሽከርክሮ ከሆነ የኤር ባጉ ጥቅል ሽቦ ይበጠሳል፤ እሱን መዶሻ አይጠግነውም።

ከዚያ ለአላይመንት ወደዚያው ኩባንያ ጋራዥ፣ በጎታች መኪና። «ስንቱን ብር አተረፍኩ» የሚለው ወሬ ግን ከመኪናው ቀድሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል፤ የጎታች መኪናው ክፍያ፣ የፓርኪንግ ቅጣቱና የኮሚቴው ማኪያቶ እንደሆነ ማንም አይደምራቸውም።