ቦርሳዬ በቆጂ ገባች

ከአሰላ የመጣሁበት ሚኒባስ ሳጉሬ አራግፎኝ ሲፈተለክ፣ ጣሪያው ላይ የታሰረችው ቦርሳዬ አብራው ወደ በቆጂ ሄደች። ጃኬቴና ጋቢዬ፣ በማግስቱ ለተማሪዎች የማነበውም ጽሑፍ ውስጧ ናቸው። የጽሑፉ ርእስ ስለ ዓለም ሕዝቦች የጋራ ተረቶች የሚል ነበር። ረዳቱ በስልክ «አይዞህ ወንድሜ፣ ነገ ስንመለስ ይዘንልህ እንመጣለን» አለኝ። እስከ ነገ ግን ሌሊት አለ፤ ያውም የጭላሎ ሌሊት።

በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጥኩ ሻይ ቤት ገባሁ። መብራት ጠፍቷል። ቡሉኮ የተከናነቡ አንድ አዛውንት ከሰሉ አጠገብ የገብስ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ባለቤቷ «ውይ፣ ልጄን!» ብላ ወደ ከሰሉ አስጠጋችኝ። በበሩ በኩል፣ ከማዶ፣ ጄኔሬተር ያለው የአንድ ሕንፃ መብራት ይታየኛል። ያን ጊዜ በጽሑፌ ውስጥ ያለ አንድ ተረት ትዝ አለኝና፣ ጽሑፉ ቢጠፋም አፌ አልጠፋምና፣ ማውራት ጀመርኩ።

አንድ ሎሌ ሌሊቱን ሙሉ ራቁቱን ተራራ ላይ ቆሞ ካደረ መሬትና ከብት ሊሰጠው ጌታው ይወራረዳል። ሎሌው ወዳጁ ከማዶ ያነደደለትን እሳት እያየ ያድራል። ጌታው «እሳት ሞቀሃል» ብሎ ይከለክለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተረት ነው።

ቱርኮች ይህንኑ ስለ ናስረዲን ሆጃ ያወሩታል፤ ወዳጆቹ በሩቅ መስኮት የታየች ሻማ አሞቀችህ ይሉታል፣ እሱም እራት ጠርቷቸው ድስቱን በአንዲት ሻማ ላይ ይጥደዋል። ሕንዶች ደግሞ ለንጉሥ አክባር አማካሪ ለቢርባል ሰጥተውታል፤ ድስቱን ከእሳቱ በላይ አርቆ ይሰቅለዋል። ማን ከማን እንደወሰደ መፍረድ ይከብዳል። ተረት እግረኛ ነው፤ የቡድሃ ታሪክ እንኳ በዐረብኛ በኩል ዞሮ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በአባ እንባቆም እጅ ግእዝ ሆኗል።

እኔን የሚገርመኝ ቅጣቱ ነው። ሆጃ በወዳጆቹ ላይ ይቀልዳል፣ ቢርባል ንጉሡን ያስተምራል። በእኛው ተረት ግን ለሎሌው የተቆረቆረ አንድ ብልህ ሰው ጌታውን ጨምሮ እንግዶች ጠርቶ፣ ድግስ ደግሶ፣ ወጡን አስወጥውጦ፣ ለእንግዶቹ ሽታውን ብቻ ይልክላቸዋል። ለእኔ ከሦስቱ ጨካኙ የእኛው ነው፤ የወጥ ሽታ ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ ነና!

አዛውንቱ ቆሏቸውን አቁመው «ጃርሱማ አልተቀመጡም እንዴ? በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ለሽማግሌ ይቀርባል» አሉ።

«ተረቱ ውስጥ የሉም፣ አባባ።»

«እሺ፣ ጌታውስ ይራብ፣ የእጁን ነው። እንግዶቹ ምን አደረጉ? ጦማቸውን ማደራቸው ግፍ ነው።»

«ዳኛውም ከእንግዶቹ አንዱ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ቀድመህ አትናገርም!» አሉና የቆሎውን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።