ክንፍ ያበቀለው ጠላፊ

የምሥራች! ጠለፋ ተመልሶ መጥቷል። የመጣውም በፈረስ ሳይሆን በክንፍ ነው። ግብረ አበር አሰባስቦ ልጅቷን ከምንጭ መንገድ ላይ የሚያፍሳት ጎረምሳ ጊዜው አልፎበታል። የዘንድሮው ጠላፊ አምስት መቶ ዓመት የሞላው ልዑል ነው፤ ዓይኑ ሐምራዊ፣ ደረቱ በንቅሳት የተሸፈነ፣ የጨለማው ቤተ መንግሥት ጌታ።

ያላመነ ጠዋት ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ሚኒባስ ይሳፈር። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሲያስገባ፣ መስኮት ዳር ያለችው ልጅ አንገቷን ስልኳ ላይ ደፍታ ታነባለች። ከቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ ነው። ሒሳብ ስትባል ቀና ሳትል ትሰጣለች፤ መልሱን ሳትቆጥር ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። በኮልፌ ቀራኒዮ መልስ ሳይቆጥር የሚቀበል ሰው ወይ ታሟል ወይ ፍቅር ይዞታል። እሷ ደኅና ናት፤ ልዑሉ ክንፉን የሚዘረጋበት ምዕራፍ ላይ ደርሳ ነው።

እንኳን ደረሰሽ እንበላት። እናቶቻችን ሌሊት ሌሊት እየመጣ ልጃገረድን ከትዳር የሚያስቀር ጥላ አለ ሲባል፣ ልጅቷን ይዘው ጸበል ለጸበል ይንከራተቱ ነበር። ዛሬ ያው ጥላ በወርቅማ ፊደል ታትሞ፣ ሽፋኑ ላይ እባብና ሮማን ተስሎለት ይሸጣል። ስልጣኔ ማለት ይህ ነው፦ በፊት ለማስወጣት ይከፈል ነበር፤ አሁን ለማስገባት ይከፈላል።

ምርጫውም ሰፊ ነው። አሜሪካዊቷ ሳራ ጄ. ማስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችውን ዝነኛ መጽሐፍ ውሰዱ። የ19 ዓመት አዳኝ ልጅ ጫካ ውስጥ ተኩላ ትገድላለች። ተኩላው ለካ የሌላ ዓለም ፍጡር ኖሯል። አውሬ የመሰለ ጌታ በር ሰብሮ ይገባና «የደሙ ዋጋ አንቺ ነሽ» ብሎ ይዟት ይሄዳል። ይህን ለአንድ የአገር ሽማግሌ ብትነግሯቸው ሳይጨርሱ ያቋርጧችኋል፤ ሴት ልጅን ለደም ካሳ መስጠት ምን እንደሆነ ያውቁታላ! እኛ ግን ፋንታሲ እንለዋለን።

የዚህ ሁሉ ሙሽራ አባት ግን የግሪኮቹ ሐዴስ፣ የሙታን ዓለም ንጉሥ ነው። የጥንቱ ተረት ነገሩን አይሸፋፍንም። ፐርሰፎኔ ከጓደኞቿ ጋር አበባ ስትለቅም መሬት ይሰነጠቃል፤ ሐዴስ በወርቅ ሠረገላ ብቅ ብሎ እየጮኸች ይዟት ይወርዳል። አባቷ ዜውስ አስቀድሞ ፈቅዷል፤ እናቷ ዴሜተር አልሰማችም። ዘጠኝ ቀን ችቦ ይዛ ስትዞር ከረመች። እውነቱን ስታውቅ እህል አላበቅልም አለች፤ ረሃብም ገባ። ሽማግሌ የተላከው ያኔ ነው፤ ሄርሜስ። ልጅቷ የሮማን ፍሬ ቀምሳ ስለነበረ ነገሩ እንደ ሽምግልና ወግ ከመሃል ተቆረጠ፤ የዓመቱን ሢሶ ከጠላፊዋ ጋር ትኑር፣ የቀረውን ከእናቷ። አባት በስውር የተስማማበት፣ እናት ያለቀሰችበት፣ ሽማግሌ ዘግይቶ የደረሰበት ጠለፋ! ይህን ለመረዳት ግሪክኛ መማር አያስፈልገንም።

ዘመናዊቷ ደራሲ እንግዲህ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የላቀች ሽማግሌ ናት። ነገሩ ካለቀ በኋላ ትመጣለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ «ልጁ እኮ ክፉ አይደለም፣ ብቸኝነት ነው ያከፋው» ብላ ትጀምራለች። ስካርሌት ሴንት ክሌር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው መጽሐፍ ሐዴስን የናይት ክለብ ባለቤት፣ ፐርሰፎኔን የጋዜጠኝነት ተማሪ አድርጋቸዋለች። ሠረገላው ቀርቶ በመካከላቸው ውል ገብቷል። አልተጠለፈችም፤ ተዋዋለች። የትኛው የሰፈር ሽማግሌ ነው እንዲህ አሳምሮ ያስታረቀ?

በዚህ መሃል የተበደለ ወገን አለ፦ ክንፍ የሌለው ተራ ጠላፊ። ድሮ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፋትን ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ቀዳዳውን ደፈነበት፤ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት፣ ጋብቻ ቢከተልም ከተጠያቂነት አያድንም። ምስኪኑ አቤቱታ ቢጽፍ አይፈረድበትም፦ «ጥፋቴ ገና ሠላሳ ዓመቴ መሆኑ ነው። አምስት መቶ ዓመት ቢሞላኝ፣ እርግማን ቢኖርብኝና ጀርባዬ ላይ ክንፍ ቢበቅል ኖሮ ፍርድ ቤት የምቆም አልነበርኩም፤ በሦስት ቅጽ እታተም ነበር።»

የእኛንም ተረት ለዚህ ሽምግልና ብንሰጠው አስቡት። አርዌ የሚባለው ዘንዶ በአክሱም ምድር ነግሦ ልጃገረድ ይገበርለት ነበር ይባላል። አንጋቦ የተባለ ጀግና መርዝ አብልቶ ገደለው፤ ሕዝቡም አነገሠው። ምን ያለ ችኮላ ነው! ማንም ቁጭ ብሎ ዘንዶውን አላናገረውም። የዛሬ ደራሲ ብትደርስለት ኖሮ በልጅነቱ የተገፋ፣ ቅርፊቱ ለስላሳ፣ ልጃገረዶቹንም የሚበላው ስሜቱን መግለጽ ስላቃተው ብቻ እንደሆነ ትገልጽልን ነበር። አንጋቦም ቀናተኛው ጎረቤት ሆኖ ይቀር ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ጠላፊዋ ክንፍ አልነበረውም። እሷም የሚቀጥለውን ምዕራፍ አልጠበቀችም፤ ጠብመንጃውን አንስታ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፣ ራሷን ለመከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች፤ ታሪኳም «ድፍረት» የተባለው ፊልም ሆነ። ለፍቅር ልብ ወለድ ግን አይመችም። ጀግናው ገና መጀመሪያው ላይ ይሞታል።

ይህን ሰምታችሁ ዲኤስቲቪ ቤት ተደርድራችሁ በልጅቷ ንባብ የምትስቁ ወንድሞቼ፣ ቆዩ! የልዑሉን ገበያ ያደራው ክንፉ አይደለም። ቤቱን ተመልከቱ። በጨለማው ቤተ መንግሥት እንጀራ የሚጋገርበት ምዕራፍ የለም። ውሃ በፈረቃ ስለማይመጣ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚደረድር የለም። ወጡ ቀጠነ የምትል አማት የለችም። ልጅቷ ስትናገር ደግሞ ልዑሉ ጦርነቱን አቁሞ ያዳምጣታል፤ የነገረችውንም ከሦስት ምዕራፍ በኋላ ያስታውሰዋል! እናንተ የአርሴናልን ተቀያሪ ተጫዋች የልደት ቀን ታውቃላችሁ፤ እህታችሁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ግን ተጠይቃችሁ ጣሪያ ታያላችሁ። የዚህ መጽሐፍ ነፃ አስተዋዋቂዎች ከእናንተ ወዲያ የሉም።

የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም ውሉ ነው፦ ሴት ልጅ ለመደመጥ መጀመሪያ መጠለፍ አለባት። ክብረ ነገሥት ላይ ያለችው ንግሥት ይህን ውል አልፈረመችም። 797 ግመል አስጭና፣ ጥያቄዋን ይዛ፣ በገዛ እግሯ ነው ኢየሩሳሌም የሄደችው። ሰሎሞን በቅመም አስጠምቶ በውሃ እንዳጠመዳት ይታወቃል፤ ጥበበኛም ቢሆን ወንድ ነው ብለን እንለፈው። ጥያቄዋን ግን ሳይጠልፋት በፊት ቁጭ ብሎ መልሶላታል።

እንግዲህ ክንፍ የምታስበቅሉ ደራሲያን፣ አንድ ታሪክ እንለምናችኋለን። ልዑሉ አምስት መቶ ዓመትም ይሙላው፣ ዓይኑም ሐምራዊ ይሁን፣ ሮማኑንም ይያዝ። ሽማግሌዎቹ ግን አስቀድመው ይምጡና ልጅቷ በእናቷ ፊት ትጠየቅ። «አልፈልግም» ካለች፣ ክንፉ ሥራ የሚያገኘው ያኔ ነው፦ ቶሎ ብሎ ይበርበታል።