ከጠዋቱ 8 ሰዓት

ልጆቻችንን ቤት እናስተምራለን ያልን ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ምን አጥፍተው ነው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የተባረሩ መስሏቸዋል። አልተባረሩም ብላቸው አላመኑኝም። አገር ቤት ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ወይ አሞት ነው፣ ወይ አጥፍቶ ወላጅ አምጣ ተብሎ ነው። የእኛዎቹ ጤነኞች ናቸው። እንግዲህ አጥፍተዋል ማለት ነው። እስከ ዛሬም ትልቋን ሲያገኟት «አይዞሽ፣ ያልፋል» የሚሏት አሉ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ትልቋ ገና መዋዕለ ሕፃናት ነበረች። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ጠዋት ስትገባ፣ ልጅቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ እንቅልፏን ስትለጥጥ ታገኛታለች። «ከዚህማ እኔው ባስተምራት» አለች። ያው ሆነ። በግዛቱ ሕግ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ «ልጄን ቤት አስተምራለሁ» የሚል ደብዳቤ ከትምህርት ዓይነቶቹ ዝርዝር ጋር ለወረዳው ትምህርት ኃላፊ ይልካል። በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መማሩን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። ለአስተማሪነት ወላጁ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ ይበቃል። ይቺን አንቀጽ ሳነብ ደስ አለኝ። የ12ኛ ክፍል ወረቀቴ በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር በቃች።

ሥራ ስንከፋፈል ሂሳብና ሳይንስ ለባለቤቴ ሆነ፣ ታሪክ ለእኔ። ዕውቀቴ ታይቶ እንዳይመስላችሁ። ታክሲ ስለምነዳ መንገድ አውቃለሁ፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ ታሪካቸውን ያስቀመጡት በየመንገዱ ዳር ነው። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ታሪካዊ ቦታዎች የማመላለሱ ዕቅድ የእኔ ሆነ፤ እኔም ወገቤን ታጥቄ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ቦታ፣ ርቀት፣ መነሻ ሰዓት፣ ምሳ፣ የሚጠየቁ ጥያቄዎች። ለሽንት ቤት ሳይቀር አሥር ደቂቃ መደብኩ።

በቤታችን ስለ ቤት ትምህርት ሰምተው ያልደነገጡት አማቴ ብቻ ናቸው። ከጎንደር ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሁለት ወንድሞቻቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዕቅዴን ሳስረዳቸው «ታዲያ ትምህርት መሄድ አይደል እንዴ?» አሉኝ። ቅኔ ያማረው ዋሸራ ይወርዳል፣ ድጓ የፈለገ ቤተልሔም ይሄዳል፣ ዝማሬ መዋሥዕት ያለው ዙር አምባ ይወጣል፣ አቋቋም የሚል ጎንደር ይገባል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ የየመንደሩን ውሻ እየተከላከለ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም የሚማር ተማሪ እሳቸው አያውቁም። እኔ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ የፈለሰፍኩ መስሎኝ ነበር። ውሻው ብቻ ነው የቀረው።

የመጀመሪያው ጉዞ ማውንት ቨርነን ነበር፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት። ለአማቴ እንዲመች ሠንጠረዡን ወደ አማርኛ መልሼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። «መነሻ፦ ከጠዋቱ 8 ሰዓት።» ቅዳሜ ዕለት መኪናው ተነስቶ፣ ልጆቹ ቀበቷቸውን አስረው፣ አማቴ ቡና ይቆላሉ።

«እማማ፣ ሰዓቱ ደረሰ እኮ።»

«የቱ ሰዓት? ገና ሁለት ሰዓት ነው። አንተ የጻፍከው ስምንት ነው። ያውም ከጠዋቱ! ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት የሚባል እግዜርም አልፈጠረ፤ ከቀትር በኋላ ሊል ፈልጎ እጁ ስቶ ነው ብዬ ዝም አልኩህ።»

አማቴ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ የተጻፈ ነገር ቀልድ አይመስላቸውም። ቡና ተቆልቶ ደግሞ አቦሉ ብቻ ተቀምሶ አይወጣም። ቶናው አለ፣ በረካው አለ። ከቤት የወጣነው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሠንጠረዡ ቀኑ ሳይጀመር ሞተ።

አንድ መጽናኛ ግን ኪሴ ውስጥ ነበረ፦ የአራተኛ ክፍል ካርድ። የአሜሪካ መንግሥት አራተኛ ክፍል ለደረሰ ልጅ፣ ቤት ለሚማር የአሥር ዓመት ልጅም ጭምር፣ ወደ ፌዴራል ፓርኮች ቤተሰቡን አስከትሎ በነፃ እንዲገባ ይፈቅዳል። ወረቀቷን አትሜ፣ በፕላስቲክ አስለብጬ፣ እንደ ዲፕሎማት በሩ ላይ ዘረጋኋት። ትኬት ቆራጯ ፈገግ ብላ መለሰችልኝ። ማውንት ቨርነን ለካ የመንግሥት አይደለም። የሴቶች ማኅበር ነው።

ይህን ለአማቴ ማስረዳት ነበረብኝ። ቤቱ እየፈረሰ መጥቶ የፌዴራሉም የቨርጂኒያም መንግሥት አልገዛም ሲሉ፣ አን ፓሜላ ከኒንግሃም የተባለች ሴት በ1853 ማኅበር አቋቋመች፤ ሴቶቹ ገንዘብ አሰባስበው በ1858 በ200,000 ዶላር ገዙት። የመምረጥ መብት ባልነበራቸው ዘመን ነው።

«ዕቁብ ነው የምትለኝ?»

«ዓይነቱ ነው።»

«ዕጣው ለማን ወጣ?»

«ለጆርጅ ዋሽንግተን።»

«በል ክፈል፤ የዕቁብ አይቀርም» አሉ። ከፈልኩ።

ቤቱ ከሩቅ የጥርብ ድንጋይ ቤት ይመስላል። አስጎብኚው አፉን ሳይከፍት አማቴ ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው «ይሄማ እንጨት ነው» አሉ። ልጅ ሆነው በፋሲል ግንብ ጥላ ሥር የተጫወቱ ሰው ናቸው፤ በድንጋይ አይሸወዱም። እውነታቸውን ነው። ሳንቃው ድንጋይ እንዲመስል ተጠርቦ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ተነስንሶበት የተሠራ ነው። አስጎብኚው ይህንኑ ሲናገር ልጄ አያቷን ያየችበትን ዓይን እኔ አንድም ቀን አግኝቼው አላውቅም።

«መቼ ተወለደ ሰውየው?» አሉ አማቴ።

«በ1732። በፈረንጅ።»

«በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ ነዋ!»

ልጅቱ ስልኬን ቀምታ ፈለገች። ምንትዋብ ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ የጫነችው በ1730 ነው። ጆርጅ በጨቅላነቱ ሲያለቅስ ቋረኛዋ እቴጌ ጎንደር ላይ አገር ታስተዳድር ነበር። ሰባትና ስምንት ዓመት እየቀነሱ ሁለቱን ዘመን ማስማማቱን በሂሳብ ትምህርት አስመዘገብኩት። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

መሬቱስ ስንት ነው ተባልኩ። በዋሽንግተን ጊዜ 8,000 ኤከር ገደማ ነበር፤ ወደ ጋሻ ስንመልሰው ሰማንያ ጋሻ ሆነ።

«ባላባት ነው እንጂ ታዲያ!»

«ፕሬዚዳንት ነው፣ እማማ።»

«ባላባት ፕሬዚዳንት አይሆንም ያለህ ማነው? ይልቅ ሰማንያ ጋሻ ማን ያርስለታል?»

ልጄ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበችላቸው። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት በርስቱ ላይ 317 ባሮች ነበሩ። የራሱ የነበሩትን 123ቱን ሚስቱ ስትሞት ነፃ ይውጡ ብሎ ተናዟል።

«ሲሞት?» አሉ አማቴ።

«እሷም ስትሞት።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ወንዙ አዩ። ለዚያ ሰዓት ያዘጋጀኋቸው አምስት ጥያቄዎች ነበሩኝ፤ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኳቸው። ትንሹ ልጄ በበኩሉ ስለ ባርነትም ስለ ነፃነትም ደንታ አልነበረውም። ሙዚየሙ ውስጥ የዋሽንግተንን ሰው ሠራሽ ጥርስ አይቶ ነበር። ሰውየው ፕሬዚዳንት ሲሆን አፉ ውስጥ አንድ ጥርስ ብቻ ቀርቶት ነበር። ልጁም የፊት ጥርሱ በዚያው ሳምንት ወልቆ ስለነበር ለፕሬዚዳንትነት መንገድ የጀመረ መሰለው።

ወደ ቤት ስንመለስ ነው ከኋላ ወንበር ጥያቄው የመጣው።

«አባዬ፣ የፋሲል ግንብ ግን ድንጋይ ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ነክተኸዋል?»

አልነካሁትም። አላየሁትም። እኔ ጉለሌ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ላሊበላን የማውቀው ሳሎናችን ከተሰቀለው ካላንደር ላይ ነው፤ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ለፈረንጅ ያስተዋወቋት ኢትዮጵያ፣ ለእኛ ግድግዳ ላይ የምትገለጥ ሥዕል ነበረች። በትምህርት ቤት የሽርሽር አውቶቡስ የሄድነው ሶደሬ ነው፣ ከበሮ እየመታን። ብሔራዊ ሙዚየም አንዴ ወስደውን ድንቅነሽን አይቻለሁ። እሷንም ቢሆን ግልባጯን። አማርኛ የማይችለው አስጎብኚ ስለ እንጨቱ ሲናገር እኔ ከልጆቼ እኩል ነበር የማዳምጠው። በሕይወቴ በእጄ የዳሰስኩት የመጀመሪያው ታሪካዊ ግድግዳ፣ ድንጋይ መሳይ እንጨት ሆኖ ተገኘ።

ለጌቲስበርግ፣ ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሜዳ፣ በደንብ ተዘጋጀሁ። መነሻውን በአማቴ አቆጣጠር 1 ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። ምሳውን ግን ማስተካከል ረስቼ «12 ሰዓት» እንዳለ ቀረ። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ አማቴ ሰሌዳውን አይተው «ለጾሙ ጥሩ አድርገሃል፣ ትንሽ አበዛኸው እንጂ» ብለው አመሰገኑኝ። የአራተኛ ክፍል ካርዴንም ይዣለሁ። ጌቲስበርግ የፌዴራል ነው፣ አጣርቻለሁ። ያላጣራሁት የጦር ሜዳው መግቢያ ለማንም በነፃ መሆኑን ነው።

መኪናዋን ከሐውልት ሐውልት እያዞርኩ ማስተማር ጀመርኩ። ሐውልቱ ከ1,300 በላይ ስለሆነ ትምህርቱም እንደዚያው ረዘመ። ጁላይ 1863፣ ሦስት ቀን፣ በሁለቱ ወገን 51,000 የሚሆን ሰው የሞተ፣ የቆሰለ፣ የተማረከና የጠፋ። «በዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን» አሉ አማቴ ለራሳቸው። በመጨረሻው ቀን 12,500 የሚሆን የደቡብ ወታደር አንድ ማይል ገደማ ገላጣ ሜዳ በእግሩ ሲያቋርጥ እንደታጨደ ሳስረዳ፣ ሜዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና ጠባቂውን ጥራልኝ አሉኝ።

«ፍትሐት ተደርጎላቸዋል ወይ በልልኝ።»

ፍትሐትን በእንግሊዝኛ ማለት የሚችል ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እንደምንም ተንተባተብኩ። ጠባቂው ትሑት ሰው ነበር፤ በኖቬምበር 19 መካነ መቃብሩ ሲመረቅ ፕሬዚዳንት ሊንከን መጥተው ንግግር አድርገዋል አለ። አማቴ በጣታቸው ቆጠሩ። «አርባውም ሰማንያውም አልፎ፣ ለመንፈቁ ሳይደርስ? ንግግር?» ጠባቂው እንደመከላከል አድርጎ ጨመረ፦ ከሊንከን በፊት ኤድዋርድ ኤቨሬት የተባለ ታዋቂ ተናጋሪ ሁለት ሰዓት ተናግሮ ነበር፤ ሊንከን ግን 270 በሚሆኑ ቃላት፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ጨረሰ፤ የታወሰውም የሊንከኑ ነው።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ አንተ ኤቨሬት ነህ።»

ትንሹ በኋላ ወንበር ተኝቶ ነበር።

መጨረሻ ላይ ልጆች የሚሞሉትን የፓርክ መጽሔት ሞልተው ሲያስረክቡ፣ ጠባቂው ቀኝ እጃቸውን አስነስቶ ቃል ያስገባቸውና የፕላስቲክ ባጅ ይሰጣቸዋል። አማቴ ይህን ሲያዩ ደነገጡ። «ልጆቼን ምን እያስማለብኝ ነው?» ታሪካዊ ቦታዎችን እንጠብቃለን ብለው ነው ስላቸው ቀለል አላቸው። የጠዘጠዛቸው ሌላ ነገር እንደሆነ ግን መኪና ውስጥ ተናገሩ። «እኛ ሳንምል ይሆን የፈረሰው?»

ስለ ሃርፐርስ ፌሪ ብዙ አልልም፤ ዝናብ ነበር። ካርዴ በሕይወቷ አንዴ የሠራችው እዚያ ነው። ጆን ብራውን በ1859 ባሮችን ነፃ ለማውጣት የጦር ግምጃ ቤቱን ይዞ መጨረሻ የተከበበባት ትንሽዬ ቤት እዚያው ትታያለች። ቤቲቱ ግን እዚያው አልነበረችም። ፈርሳ ለ1893ቱ ኤግዚቢሽን ቺካጎ ሄዳለች፣ ተመልሳ እርሻ ላይ ቆማለች፣ ከዚያ ኮሌጅ ግቢ ገብታለች፣ ወደ ድሮ ቦታዋ አጠገብ የተመለሰችው በ1968 ነው። «እንደ አክሱም ሐውልት» አሉ አማቴ። ልጅቱ ጻፈችው። ከሠንጠረዤ ይልቅ የእሳቸውን አፍ መጻፍ ከጀመረች ቆይታለች።

የዓመቱን ማስረጃ የምትጽፍልን ፈቃድ ያላት አስተማሪ ናት። ጁላይ ላይ ቤታችን መጣች። ሥራዎቹን አገላብጣ፣ ልጄን ካየሻቸው ሁሉ የቆየው ቦታ የቱ ነው አለቻት። እኔ ከኋላ ሆኜ በከንፈሬ «ማውንት ቨርነን» እላለሁ።

«ከሁሉ የቆየውን ገና አላየሁትም» አለች ልጄ። «ከ1636 ጀምሮ ያለ ከተማ ነው። እዚያ ያለው ግንብ እውነተኛ ድንጋይ ነው፤ አያቴ መትታ አረጋግጣዋለች።»

አስተማሪዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ እኔን አየችኝ። መቼ ሄደህበት ነበር? አለችኝ። አልሄድኩም አልኳት። ልጅቱን አሳለፈቻት። ስለ እኔ የጻፈችው የለም፤ ሕጉ አይጠይቃትም።

ዘንድሮም ደብዳቤው ኦገስት 15 ከመድረሱ በፊት ተልኳል። አዲሱ ሠንጠረዥ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፣ የመጀመሪያው ረድፍ ጎንደር ይላል። መነሻ ቀንና መነሻ ሰዓት የሚሉትን ሁለት ሳጥኖች ባዶ ትቻቸው ነበር። ትናንት ከሥራ ስገባ በአማቴ እጅ ጽሑፍ ተሞልተው አገኘኋቸው። ቀን፦ ሰላም ሲሆን። ሰዓት፦ ሲነጋ።