ከሰቆጣ በባቡር ጅቡቲ ለመግባት

ዓለም አቀፍ የባቡር ጉዞ የሚባለው መንገደኛውን ከአንድ አገር ጣቢያ አሳፍሮ፣ ድንበር አሻግሮ፣ ሌላ አገር ጣቢያ የሚያወርድ ጉዞ ነው። የለንደን ሰው ፓሪስ ለመሄድ የሚያወጣው ዕቅድ ትኬት ከመቁረጥና ጃንጥላ ከመያዝ እምብዛም አያልፍም፤ ባቡሩ ከባሕሩ ወለል በታች ሹልክ ብሎ ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ያደርሰዋልና። በባቡር ጅቡቲ ለመግባት ያሰበ የሰቆጣ ሰው ግን አስቀድሞ የሚያጠናው ባቡሩን ሳይሆን አውቶቡሱን ነው።

ጅቡቲ ከሰቆጣ በስተምሥራቅ፣ በአየር ቢለካ ከ500 ኪሎ ሜትር የማትርቅ ጎረቤት ናት፤ ባቡር ያማረው መንገደኛ ግን ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ፣ በኮረም ወይም በላሊበላ በኩል ወልድያ ወርዶ፣ መንገድ ላይ አድሮ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ሌላ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በድሮ ጊዜ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው የጨው ድንጋይ፣ አሞሌ፣ ከአፋር በረሃ በጋማ ከብት ተጭኖ ሰቆጣ ገበያ ሲወጣ በአዲስ አበባ በኩል አልዞረም፤ ጨው ከሰው ይልቅ አቋራጭ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህን ዙሪያ ጥምጥም ያሳጥራል የተባለው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሃራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር፣ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ቢጀመርም መንገደኛ ስላላሳፈረ፣ የሰቆጣ ሰው የሚሳፈርበት በካርታ ላይ ነው፤ በዚያ ጉዞ ትኬት አይጠየቅም፣ ወንበርም አይሞላም።

የመነሻው ቀን የሚቆረጠውም በባቡሩ ሰሌዳ ብቻ አይደለም፤ ሰሌዳው የማኅበር ጽዋ ተራ ስለማያውቅ፣ የእናት ዝክር ሳይወጣ ልጅ አገር ለቆ መሄዱ በቤተ ዘመድ ዘንድ ከባድ ክርክር ያስነሣል።

ከሁሉ የበለጠ ምክክር የሚጠይቀው ግን ጅቡቲ ላለ ዘመድ የሚወሰደው የሰቆጣ ነጭ ማር ነው። በደጋው ብርድ ረግቶ በማንኪያ የሚቆረሰው ይህ ማር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ወጥቶ፣ ሰቆጣ ክረምት በሚሆንባቸው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ወደሚያልፍ የባሕር ዳርቻ ሲወርድ ፈሳሽ ስለሚሆን፣ ከባልዲው ክዳን ሥር ፌስታል ተደርቦ፣ በሲባጎ ግራና ቀኝ ታስሮ፣ ለባለቤቱ መቀመጫ ሳይያዝ ለባልዲው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ይፈለግለታል። ሲባጎው በስንት ዙር ይጠምጠም በሚለው ላይ የሚባክነው ጊዜ ስለ ቪዛ ከሚነሣው ጥያቄ እንደሚበልጥ መገመት አያዳግትም።

ባቡሩ ደወሌ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ ጉዞውን የሚጨርሰው ናጋድ ነው፤ ናጋድ ግን ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ያለ ጣቢያ በመሆኑ፣ መንገደኛው ባልዲውን እንዳቀፈ ታክሲ መያዝ ይኖርበታል፤ ሒሳቡ የሚጠየቀው በጅቡቲ ፍራንክ ስለሆነ፣ ብሩን ያልመነዘረ እንደሆነ ባለ ታክሲው ባልዲውን አየት ማድረጉ አይቀርም።