ደመወዝ የማይበላ ዘበኛ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ቤት የገዛ ሰው በውሉ ላይ ያልሰፈሩ ብዙ ነገሮች አብረው ይመጡለታል፤ ቀለም የደረቀበት ቆርቆሮ፣ የትኛውን በር እንደሚከፍት የማይታወቅ ቁልፍ፣ ጋራዥ ጥግ የቆመ የበረዶ አካፋ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የገዛናት ቤት ከዚህ ሁሉ በላይ ዘበኛ ነበራት። ዘበኛው ቤዝመንት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ግራጫ የብረት ሳጥን ነው። ከፊት በሩ አጠገብ ቁጥሮች ያሉት ኪፓድ አለው፤ ሳሎን ጥግ ላይ ወደ ታች የሚያፈጥ የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ በየበሩና በየመስኮቱ ደግሞ ትንንሽ ነጭ ማግኔቶች። ሁሉም ሥራ ከፈቱ ቆይተዋል። ፊት ለፊት ሣሩ ላይ የተተከለችው «ይህ ቤት በአላርም ይጠበቃል» የምትል ምልክት ብቻ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባት ሥራዋን አላቋረጠችም።

ምልክቷን መናቅ አይገባም። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሻርለት ተመራማሪዎች ቤት ሰብረው የታሰሩ 422 ሰዎችን ጠይቀው ነበር፤ 60 በመቶ ያህሉ አላርም ካለ ወደ ሌላ ቤት እንሄዳለን ብለዋል። ለጥናቱ ገንዘብ የሰጠው የአላርም ኢንዱስትሪው የራሱ የምርምር ፋውንዴሽን መሆኑን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ቢሆንም ሌባ ስለ ሙያው ሲናገር መስማት ደግ ነው። «ሌላ ቤት» ማለት የጎረቤት ቤት መሆኑ ትንሽ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ግን አልነበረም።

እንቅልፍ የሚነሱኝ አማቴ ናቸው። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ገና ሻንጣቸው ሳይፈታ፣ «ዘበኛችሁ የት ነው የሚያድረው?» ብለው ጠየቁ። የለም አልናቸው። አጥሩስ? የለም። ውሻስ? ለባለቤቴ ያስነጥሳታል። አማቴ ያደጉበት ቤት የግንብ አጥር አለው፤ በግንቡ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል፤ የብረት በሩ ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። የእኛ ቤት ግን ከመንገዱ እስከ በሩ ድረስ ለጥ ያለ ሣር ነው። «ሜዳ ላይ ነዋ የምታድሩት!» አሉ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በሩ ጀርባ ወንበር እያስጠጉ፣ ወንበሩ ላይ ሁለት የድስት ክዳን እየደረደሩ ይተኛሉ። ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነስቼ በጨለማ ከክዳኖቹ ጋር ስላተም አማቴ ከመኝታ ቤታቸው፣ «ይኸው፣ ይሠራል!» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ይሠራል። ወርሃዊ ክፍያም የለውም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሳጥን ከሁለት የድስት ክዳን ማነሱ ግን ከነከነኝ። ምልክቷ ላይ ስሙ ወዳለው ኩባንያ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ወጣት በጣም ትሑት ነው። ሳጥኑን ሳያየው ሞቷል አለኝ። እኛ ግን በነፃ አዲስ እንተክልልሃለን አለ። ነፃው በየወሩ ስንት እንደሚያወጣ ጠየቅሁት። ነገረኝና ለ36 ወር መፈረም እንዳለብኝ ጨመረ። አላርሙ ሲጮህ ምን ታደርጋላችሁ? አልኩት። «አንተ ጋ እንደውላለን።» ካላነሳሁስ? «ባለቤትህ ጋ። ከዚያ ፖሊስ።» በወር በወር የምከፍለው እንግዲህ ለራሴ እንዲደወልልኝ ነው። አመስግኜ ዘጋሁና ካቻቢቴ ፍለጋ ሄድኩ።

የሳጥኑ ክዳን ሁለት ብሎን ብቻ ነው ያለው። ውስጡ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ በየብሎኑ ሥር የተጠመዘዘበት። ሰሌዳው ላይ አደምኮ ይላል፤ በ1929 የተመሠረተ፣ ኋላ ሃኒዌል የገዛው፣ በዚህ አገር ስንትና ስንት ቤዝመንት ውስጥ የተሰቀለ የታወቀ ሥሪት። ከታች የ12 ቮልት የሊድ ባትሪ ተቀምጧል፤ ሆዱ ተነፍቶ ጎኖቹ ጎብጠዋል። እንዲህ ያለ ባትሪ ዕድሜው ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። ይህኛው ከዚያ በኋላም ማንም ጡረታ ሳያወጣው ቆይቷል። ትራንስፎርመሩን ከሶኬቱ የነቀለው ደግሞ ሌባ አይደለም፤ ከእኛ በፊት የነበረው ሰው ማቀዝቀዣ ሊሰካበት ነው። የሞተው ሳጥን ታሪክ ይኸው ነው፤ ባትሪው አርጅቷል፣ ሶኬቱ ተወስዷል። አዲስ ባትሪ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጀምሮ በየቦታው ይገኛል፤ አሮጌውን ደግሞ ሊድ ስላለበት ቆሻሻ ውስጥ አይጥሉትም፣ እዚያው ሱቅ ይቀበሉታል። ትራንስፎርመሩን ቦታው መለስኩት፤ 16.5 ቮልት ነው፣ ሰው አይጎዳም። ኪፓዱ በራ። ማቀዝቀዣው ሌላ ሶኬት ተፈለገለት።

ቴስተር ይዤ በየበሩና በየመስኮቱ ስዞር አንድም የተበላሸ ማግኔት አላገኘሁም። ነገሩ ቀላል ሆኖ ነው። ማግኔቱ በሩ ላይ ነው፤ መቃኑ ውስጥ ደግሞ በመስታወት ቱቦ የታሸጉ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ። በሩ ሲዘጋ ማግኔቱ ምላሶቹን ያገናኛል፤ ሲከፈት ይላቀቃሉ። ዋልተር ኤልውድ የሚባል የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ በ1936 የሠራው ነገር ነው። አየር ስለማይገባው አይዝግም። የማግኔት ኮንትራትም አያልቅም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ መስመር ጫፉ ላይ ሬዚስተር የምትባል ትንሽ ባለቀለም ፍሬ ሊኖርበት ይገባል፤ በዚህ ሥሪት 2,000 ኦም። ሳጥኑ ሌት ተቀን ያቺን 2,000 ኦም ይቆጥራል። ሌባ ሽቦውን ቢቆርጠው ቁጥሩ ይጠፋል፤ ሁለቱን ሽቦ ቢያገናኘው ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ በሁለቱም ሳጥኑ ይነቃል። ለዚህ ግን ፍሬዋ መጨረሻው ጫፍ ላይ፣ መስኮቱ ዘንድ መሆን አለባት። የእኛን ቤት ሽቦ የዘረጋው ባለሙያ ግን መሰላል መውጣት የሚወድ ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ሁሉንም ፍሬዎች እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አስሯቸዋል። በሩን እንዲጠብቅ የተቀጠረው ዘበኛ ጋቢውን ተከናንቦ ሳሎን ተቀምጧል ማለት ነው። የመስኮቱ ሽቦ በመንገድ ላይ ቢጠላለፍ ሳጥኑ ሰላም ነው ይላል። ያለፉት ባለቤቶች ለዚህ በየወሩ ሲከፍሉ ኖረዋል። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ወሰድኳቸው።

አማቴ ይህን ሁሉ ከሶፋቸው ሆነው በጥርጣሬ ይመለከቱ ነበር። ልባቸው የራራው ታሪኩን ስነግራቸው ነው። የኤሌክትሪክ የሌባ ደወልን የፈጠራ መብት በሰኔ 1853 ያወጣው አውግስጦስ ራስል ፖፕ የሚባል የማሳቹሴትስ ሰባኪ ነው። ያኔ ካሳ ኃይሉ ገና ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው አልነገሡም። ሰውዬው ባትሪ፣ ሽቦ፣ ማግኔትና ደወል ይዞ በሩ ሲከፈት መዶሻው ደወሉን እንዲመታ አደረገ። «ቄስ ነው የሠራው?» አሉ። የእነሱ ቄስ ነው አልኩ። «ይሁን፤ ከእግዜር ቤት ሰው ነው» ብለው ክዳኖቹን ከሁለት ወደ አንድ ቀነሱ። መብቱን በ1857 ኤድዊን ሆምስ የሚባል ነጋዴ መግዛቱን፣ ኒው ዮርክ ወስዶም የየቤቱን ሽቦ አንድ ማዕከል ላይ ሰብስቦ ገንዘብ ማስከፈሉን ግን አልነገርኳቸውም። ሰባኪው ደወሉን ሠራ፤ ነጋዴው ሒሳቡን።

ከዚያ ኮዱ መጣ። ኩባንያው ሳጥኑን በራሱ የቴክኒሻን ቁጥር ቆልፎት ሄዷል። መፍቻው ግን በአምራቹ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ኤሌክትሪኩን ሙሉ በሙሉ ታቋርጣለህ፣ መልሰህ ትሰካለህ፣ በ50 ሰከንድ ውስጥ ኪፓዱ ላይ ሁለት ቁልፎችን አንድ ላይ ትጫናለህ። ችግሩ ትራንስፎርመሩ ቤዝመንት፣ ኪፓዱ ፊት በር መሆኑ ነው። ለባለቤቴ አስረድቼ በሩ ጋ አቆምኳትና ወረድኩ።

«ሰካሁ!»

«እሺ፣ የቱን ልጫን?»

«ኮከቡንና መሰላሉን!»

«ምኑን?»

«ኮከብና መሰላል! አንድ ላይ!»

ከላይ ሩጫ ተሰማ፤ ሰከንዱ አለቀ። ደግሜ ነቀልኩ፣ ደግሜ ሰካሁ፣ ደግሜ ጮህኩ። ሦስተኛውን ስጀምር አማቴ የማድ ቤቱን ተጣጣፊ መሰላል ተሸክመው ከደረጃው አናት ብቅ አሉ። «ይኸው መሰላሉ፤ ኮከቡን ግን አላገኘሁትም» አሉ። ባለቤቴ ሳቋን መቆጣጠር ስላቃታት በዚያ ዙርም አልጫነችም። በመጨረሻ ሰከንድ የመቁጠሩን ሥራ ለአማቴ ሰጠናቸው። አንድ ብለው በጀመሩ፣ ሠላሳ ሳይሞሉ ተከፈተ።

ውስጥ ከገባሁ በኋላ መጀመሪያ ያጠፋሁት የኩባንያውን ስልክ ቁጥር ነው። አለበለዚያ ሳጥኑ በጮኸ ቁጥር ወደዚያ ልደውል ይላል። የቤት ስልክ መስመሩ ከተቆረጠ ዘመን የለውም፤ እሱ ግን ይደውላል፣ ሰው ያጣል፣ «ግንኙነት የለም» እያለ ኪፓዱ ላይ ያማርራል። ባለቤቴ በኢንተርኔት ወደ ሞባይላችን መልእክት የምትልክ ትንሽ ሰሌዳ እንዳለች አንብባ ነበር፤ ከኪፓዱ አራት ሽቦዎች ጋር ትያያዛለች፣ ኮንትራትም አትጠይቅም። ጥሩ ናት፤ ለጊዜው አልፈለግኋትም። ሞባይሌ እንደሁ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ቤቱ ነው መጮህ ያለበት። ፖሊስም ቢሆን ለአላርም አይቸኩልም፤ በአሜሪካ ፖሊስ ከሚደርሱት የአላርም ጥሪዎች ከ94 እስከ 98 በመቶው ከንቱ እንደሆኑ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ያሳተመው መመሪያ ይናገራል። ሶልት ሌክ ሲቲ ከ2000 ጀምሮ መጀመሪያ ሰው ሄዶ ካላረጋገጠ ፖሊስ አልክም ብላለች። እኔም በሷ ቦታ ብሆን አልክም።

የራሳችንን ኮድ መምረጥ ቀረ። አራት አኃዝ ነው። ከፋብሪካው የመጣው 1234 ነበር። አማቴ ለጥቂት ጊዜ አሰቡና፣ «12 እና 21 አድርጉት፤ ሚካኤልና ማርያም» አሉ። እማማ፣ አልኳቸው፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ በዝቷል፤ ሐበሻ ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እኮ 1221ን ነው። ቀጥሎ 1912ን፣ ከዚያ 2123ን። ቆጣ አሉ። «በሚካኤል ቁጥር ገብቶ የሚሰርቅ ሐበሻ?» አሉኝ። መልስ ነበረኝ፤ ግን አማት ናቸው። 1221 ሆነ። አሁን ተቀይሯል፣ አትድከሙ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል አማቴ ኪዳን ሊያደርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ የሚወስዳቸው መኪና መንገዱ ላይ ይጠብቃቸዋል። በሩን ሲከፍቱ ኪፓዱ ጲጵ፣ ጲጵ ማለት ጀመረ። ኮድ አስገቡ ማለቱ ነው፤ ሠላሳ ሰከንድ ይታገሣል። እሳቸው ግን «እሺ፣ ደኅና ዋል» ብለውት በሩን ዘጉ። ሠላሳው ሰከንድ ሲሞላ ጣሪያ ሥር ያለው ሳይረን ለቀቀው። ከአልጋ እስክወርድ፣ መነጽሬን እስካገኝ፣ ቁጥሩን እስካስታውስ ሰፈሩ በሙሉ ነቅቷል። የየቤቱ መብራት በርቶ ጠፋ። መጋረጃዎች ተንቀሳቀሱ። ከቤቱ የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጡረተኛ፣ በሌሊት ልብስ፣ የእጅ ባትሪ ይዘው። ቤቱን ከገዛን ወዲህ ከእጅ ሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም ነበር። በሩን ስከፍት አማቴ ሣሩ ላይ ቆመው የሰውዬውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው በአማርኛ ይመርቋቸዋል። «አየህ?» አሉኝ፣ «ጎረቤትማ አላችሁ!» መኪናው ጥሩምባውን ነፋ፣ አማቴ ወደ ኪዳናቸው ሄዱ።

ጎረቤቴን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን ያሳሰባቸው ጩኸቱ አልነበረም። «የየትኛው ኩባንያ ነው?» አሉኝ። የማንም አይደለም አልኩ። ዓይናቸው በራ። እሳቸውም ቤዝመንት ያው ሳጥን አላቸው፤ በ3ጂ ሞባይል የሚደውል ነበር። በየካቲት 2022 ኤቲ ኤንድ ቲ የ3ጂ ኔትወርኩን ሲዘጋ የሚደውልበት አጥቶ ዝም አለ፤ አዲስ ራዲዮ ለማስገባት አዲስ ኮንትራት ፈርም ተባሉ፤ አልፈርምም ብለው ተዉት። ለቅዳሜ ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ ካቻቢቴዬንና አዲስ ባትሪ ይዤ ስሻገር አማቴም ተከተሉኝ። ሰከንድ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል አሉ። ጎረቤቴ ቤዝመንት ወርደው ሰኩት፣ እኔ ኪፓዱ ላይ ቆምኩ፣ አማቴ መሐል ደረጃ ላይ ሆነው በአማርኛ ቆጠሩ። በመጀመሪያው ተከፈተ። ኮድ ምረጡ ስላቸው ጎረቤቴ ምንም አልመጣላቸውም። አማቴ፣ «ንገረው፣ ገብርኤል 19፣ ጊዮርጊስ 23። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ይምረጥ» አሉ። ተረጎምኩላቸው። ሰውዬው በጥሞና ሰምተው፣ ለሌባ የሚበረታው የቱ እንደሆነ እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ።

«ለሌባ ከሆነ ጊዮርጊስ ይቅደም» አሉ አማቴ ሳያመነቱ፣ «ፈረስ አለው።»